በዘፈኑ መሀል ያለው ሳግ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ውስጥ፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ዘፈን እጭናለሁ። ሰው ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እጭንለታለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች የሚያዙት ሌላ ነው፣ ጫት የሚቸረችሩት ሴቶች ሌላ፣ ሰርግ የደረሰባቸው ሌላ። አንዱ በሶማሊኛ ያዘኛል፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ቀላቅሎ። እኔም እንደምንም እመልሳለሁ።

የድሮ ዘፈን ፍቅር የያዘኝ እዚያው ወንበሬ ላይ ነው። አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ የመጋላ ሠፈር ልጅ ነው። አንድ ቀን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ያረጀ ቴፕ ተሸክሞ መጥቶ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘውና «ካሴት ወደ ሚሞሪ እንገለብጣለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ሰዉ ከየጓዳው ካሴቱን በፌስታል፣ በካርቶን፣ አንዳንዱም በትራስ ልብስ አጭቆ ያመጣ ጀመር። ካሴት ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ኮፒ ብሎ ዞር ማለት የለም። ሙሉውን እየተጫወተ ነው የሚገለበጠው፤ ክሩ እንዳይጠላለፍ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። መጀመሪያ እያዛጋሁ ነበር። በኋላ ማዛጋቱ ቀረ።

ምኑ እንደያዘኝ ለጓደኞቼ ለማስረዳት ብዙ ሞክሬያለሁ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። ሳክስፎን የሚነፋው ሰው ትንሽ ቀድሞ ይገባና ደንግጦ ይመለሳል። ከኋላ አንድ ሰው ያስላል፤ ማንም ሳሉ ይውጣ ብሎ አልደከመበትም። አሁን የምጭናቸው ዘፈኖች ልክ ናቸው፣ ምንም አይወጣላቸውም። እነዚያን ስሰማ ግን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በላብ ከራሱ ሰዎች ጋር የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

«አቦ፣ አንቺ ልጅ ስንት ዓመትሽ ነው? ሰባ?» ይለኛል አለቃዬ፣ ጆሮ ማዳመጫዬን እየነቀለ።

«ሃያ ሦስት።»

«ወላሂ አይመስልም። ከሰው ጋር አውሪ፤ ከሙታን ጋር ዋልሽ እኮ!»

አንድ ቀን መጋላ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ትልቅ ሴት የሟች ባላቸውን ካሴቶች ይዘው መጡ። ከመሀላቸው አንዱ ጽሑፉ የጠፋ ነበር። ውስጡ ያለው አንድ ዘፈን ከድሬዳዋ በባቡር ሄዶ አንዲትን ሴት ጣቢያ ላይ ትቷት ስለሚያልፍ ሰው የተዘፈነ ነው። ባቡሩ ይሄዳል፣ እሷ ቆማ ትቀራለች፣ እሱ በመስኮት ያያታል። ግጥሙ ቀላል ነው፤ ብዙ ዘፈን እንደዚያ ይላል። ነገር ግን መሀሉ ላይ፣ መሣሪያዎቹ ዝቅ ሲሉ፣ የዘፋኙ ድምፅ ይሰበርና ሳግ ይይዘዋል። ዘፈን አይደለም፣ እንጉርጉሮም አይደለም፤ እውነተኛ የሰው ሳግ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደምንም ራሱን ይዞ ይቀጥላል።

ያን ቦታ መልሼ መላልሼ ሰማሁት። ሱቁ ባዶ ሲሆን እከፍተዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ እሰማዋለሁ፣ ሳህን ሳጥብ እሰማዋለሁ። በዚያን ዘመን፣ ያ ሁሉ የሙዚቃ ሰው ቆሞ እያየው፣ ሳይሸሽግ የሚያለቅስ ወንድ ነበር ብዬ አሰብኩ። እኔ የማውቃቸው ወንዶች መልእክት ሳይመልሱ ነው የሚጠፉት። እነዚያ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ልብ ነበራቸው ብዬ አመንኩ። ለሰውም እንዲያ ብዬ ተናግሬያለሁ።

ነጋዴዋ ሴት ካሴታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዘፈኑ ተከፍቶ ነበር።

«እኚህ ዘፋኝ መቼ ነው የሞቱት?» አልኳቸው።

«ማን? እሱ? ኧረ አለ! ገንደ ቆሬ ነው ቤቱ። ባለቤቴ አላህ ይማረውና ጓደኛው ነበር። በኋላ ግን ቤታችን ድርሽ እንዳይል ከለከለው።»

«ለምን?»

«ኤጭ! ተይው ልጄ» አሉና ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

እኔ የሰማሁት «አለ» የሚለውን ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ገበያው ይዘጋል። በዚያች ሰዓት ማንጎና ስኳር ገዝቼ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ቤቱን እያጠያየቅሁ ሄድኩ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። በሩን የከፈቱልኝ ሚስታቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ሻሻቸው ንጹህ፣ እጃቸው ሳሙና ሳሙና የሚሸት። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል።

«አዴ፣ እንደምን ዋሉ» ብዬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ደስታም ቅሬታም አላየሁም።

«ግቢ። እዚያ ነው» አሉኝ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ሽማግሌው ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ናቸው፤ ከታች ያገለደሙት ሽርጥ በቅጡ አልታሰረም። ጉንጫቸው በጫት ተወጥሯል። ከጎናቸው ባለ የዱቄት ወተት ጣሳ አረንጓዴ ምራቃቸውን ይተፋሉ፣ ግማሹ ከጣሳው ውጭ ይወርዳል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። የእግራቸውን ጥፍር በቢላ እየቆረጡ ነበር። ቁራጮቹ እየተፈናጠሩ ከተጣለው የጫት ገራባ ጋር ምንጣፉ ላይ ተዘርተዋል። ስሜንና ሥራዬን ስነግራቸው፣ ለዘፈናቸው ያለኝን ፍቅር እየተንተባተብኩ ስዘረዝር፣ ቢላውን ሽርጣቸው ላይ ጠረግ አደረጉና ካመጣሁት ማንጎ አንዱን በእሱ ቆረጡልኝ።

«ብዪ!»

በላሁት። ምን ማድረግ እችላለሁ? ያ ሳግ የወጣው ከእኚህ ሰው ጉሮሮ ነው።

«አባባ፣ ያንን ዘፈን ሲዘፍኑት...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«አባባ አትበይኝ። አባትሽ ነኝ እንዴ? ጋሼ በይኝ።»

የደሀ ቤት አይቼ የማላውቅ እንዳይመስል። ደሀም አልነበሩም፣ ቤቱም ንጹህ ነበር። ቆሻሻው እሳቸው የተጋደሙበት ቦታ ብቻ ነው። ሚስታቸው መጥረጊያ ይዘው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ገራባውንና ጥፍሩን ሰብስበው ምንጣፉን በእርጥብ ጨርቅ አበሱ። ገና ቀና ሳይሉ፣ ሽማግሌው ያላመጡትን ጫት ከጉንጫቸው በጣት ጠርገው አወጡና የተወለወለው ቦታ ላይ ጣሉት። ሳያዩ አይደለም፤ ሚስታቸውን እያዩ ነው። ሴትዮዋ ዳግም ጎነበሱ። እኔ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ተነስቼ ልሄድ ስል መዝፈን ጀመሩ። ሳልጠይቃቸው፣ ያው እንደተጋደሙ፣ ጥርሳቸው በአረንጓዴ ተለስኖ፣ የማላውቀው ዘፈን ዘፈኑልኝ። ድምፁ አለ። ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያ ድምፅ ነው። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ አፍ መውጣቱን ጆሮዬ ቢያምንም ዓይኔ አላምን አለ። ዓይኔን ጨፈንኩና ሰማሁ።

ስለዚህ ተመላለስኩ። በካሴት ያልወጡ ዘፈኖች እንዳሏቸው ነገሩኝ፤ በስልኬ ልቀርጽላቸው ተስማማን። በየሳምንቱ በዚያች የእኩለ ቀን ሰዓት እሄዳለሁ። እየሄድኩ ለራሴ ሰበብ እደረድርላቸዋለሁ፤ አርጅተዋል፣ ጫት ነው፣ ልጅ የላቸውም፣ የድሮ ሰው እንዲህ ነው። ከቤታቸው ስወጣ ልብሴ ሽታቸውን ይይዛል፤ የጫት፣ የላብና የቆየ ምራቅ። ቤት ስገባ እናቴ «የት ዋልሽ?» ትለኛለች፣ እኔ ልብሴን ቀይሬ የቀረጽኩትን እከፍትላታለሁ፣ «አይ ድምፅ!» ትላለች። እናቴም ወደደቻቸው።

አለቃዬም ነገሩ ገባው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከዚራ ሠፈር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ እሁድ ከሰዓት በኋላ የድሮ ዘፈን ዝግጅት ሊያደርጉ ተነጋገሩና ሽማግሌውን እንድለምንላቸው ጠየቀኝ። ለመንኳቸው። ደስ አላቸው። ቀኑ ተቆረጠ።

ዝግጅቱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ያን ጥያቄ የጠየቅኋቸው። እስከዚያ ድረስ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ የሰው ቁስል የምነካካ እየመሰለኝ።

«ጋሼ፣ ያ ዘፈን ውስጥ ያለው ሳግ... ሲቀረጽ ነው የመጣብዎት? የሚያውቋት ሴት ነበረች?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እየሳቁ ሳል ያዛቸው፣ የጫት ፍርፋሪ ደረታቸው ላይ ተረጨ።

«አለቀሰ ብለሽ ነው? እኔ? ኧረ ባክሽ! ያ የእሷ ልቅሶ እኮ ነው!»

ከዚያ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ከባንዱ ጋር በባቡር አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር። አፍደም ጣቢያ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። በመጡ ቁጥር እሳቸው እሷ ጋ ያድሩ ነበር። ስታረግዝ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይዤሽ እሄዳለሁ አሏት። የምትሸጥበትን ዕቃ ለሰው ሰጥታ፣ ልብሷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጣቢያው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ባቡሩ ሲቆም እሳቸው ወንበር ሥር ገብተው ተኙ። ጓደኞቻቸው በመስኮት ብቅ እያሉ «የለም፣ ዛሬ አልመጣም» እያሉ ይስቁባታል። ባቡሩ ሲነሳ ግን እግራቸውን አየች መሰለኝ፣ በመስኮቶቹ ሥር እየሮጠች ትጠራቸው ጀመር።

«ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ እንዴት እንደምትሮጥ ብታዪ!» አሉና ፍራሹ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው እየተንደፋደፉ አሳዩኝ። «እስከ አዲስ አበባ ድረስ ልቅሶዋን እየቀዳሁ ልጆቹን ሳስቃቸው ነው የሄድኩት። እንዲህ ነበር የምትለው...»

ያንን ሳግ አወጡት።

ዘፈኑ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ምንም አልጎደለውም። አየሩ እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ መጨረሻው ላይ እንዴት ወደ ላይ እንደሚሰበር፣ ሁሉም። በእጃቸው ጀርባ የሌለ ንፍጥ ከአፍንጫቸው ጠረጉና እንደገና ሳቁ። ስቱዲዮ ሲገቡ ጓደኞቻቸው «የአፍደሟን አስገባት!» ብለው ለመኗቸው፣ ለጨዋታ አስገቧት፤ ሕዝቡ ግን አለቀሰበት።

ስልኬ እየቀረጸ ነበር። አጠፋሁት።

«ከዚያስ? ልጅቷ ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሌላ ጊዜ ስናልፍ አልነበረችም።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ግንባራቸውን አሻሹ። አላስታወሱትም። ከዚያ ወደ ጓዳ በኩል ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤ ሚስታቸውን ሲጠሩ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። «አንቺ! የዚያች የአፍደሟ ሴት ስም ማን ነበር?»

ከጓዳ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ስሙን ተናገሩ። ከነአባቷ ነው የተናገሩት፣ ሳያመነቱ፣ በየቀኑ እንደሚጠሩት ሰው። እዚህ አልጽፈውም።

«አዎ! እሷ ናት!» አለና እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈው። እጁ እርጥብ ነበር። አውራ ጣቱን ወደ ላይ እያንሸራተተ «አንቺም ታለቅሻለሽ እንዴ? ዓይንሽ ቀላ እኮ» አለኝ።

እሱ እያልኩ መጻፌን አሁን ነው ያስተዋልኩት። እዚያ ክፍል ውስጥም የሆነው እንዲሁ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ስለው ቆይቼ ነበር። እጁን ከጉልበቴ ገፍትሬ ስነሳ አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ። «አትንካኝ!» አልኩት። አያቴን ለሚያክል ሰው አንተ ብዬ አላውቅም። እሱ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ደስ አለው። «ጋሼ ሳትዪኝ ቀጥ ብለሽ አንተ! እሰይ!» ብሎ ሳቀ።

ግቢው በር ላይ ሚስቱ በጆግ ውሃ ይዘው ቆመው ነበር። እጄን እንድዘረጋ በዓይናቸው ነገሩኝ፣ ኦሞ ነስነስ አደረጉልኝ፣ ውሃውን አፈሰሱልኝ። ጉልበቴን ደግሞ በእርጥብ እጄ በቀሚሴ ላይ አሸሁት። ለስንት ሴት እንዲህ ውሃ እንዳፈሰሱ አሰብኩና ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

«አዴ፣ እርስዎ ያንን ዘፈን ይሰሙታል?» አልኳቸው።

«ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ጓሮ እወጣለሁ» አሉ። ከዚያ ጆጉን ይዘው ተመለሱ።

አለቃዬን ዝግጅቱ ይቅር ልለው ነበር። ግን ምን ብዬ? ወንበር ተከራይተዋል፣ ሰው ተጠርቷል፣ በየስልኩ ተሰራጭቷል። «ሰውዬው ጥሩ ሰው አይደለም» ስለው «ጥሩ ሰው ነው የጋበዝነው? ዘፋኝ ነው የጋበዝነው» አለኝና ድምፅ ማጉያ ፍለጋ ሄደ። እኔም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አይገባኝም። ምናልባት ሰው ፊት ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ይሆናል።

ነጭ ኮት ለብሶ፣ ጥርሱን አጽድቶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ መጣ። እኔን የሚያህሉ ልጆች ግቢውን ሞልተውታል። ተነስተው አጨበጨቡለት። አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሳሙት፤ እሱ ወንዶቹን ቶሎ ያነሳቸዋል፣ ሴቶቹን ግን ክንዳቸውን ይዞ ያቆያቸዋል። ሌላ ሰው ያስተዋለ አልመሰለኝም። እኔ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ያንን ዘፈን ሲጀምር ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተነሱ። ሳጉ ላይ ሲደርስ ግቢው ፀጥ አለ። አወጣት። አንዲት ልጅ አጠገቤ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች «እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለች። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ይደገም!» ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም ተቀበለው። «ይደገም! ይደገም!» እሱ ባንዱን በእጁ አስቁሞ ሳጉን ብቻውን ደገመው። አሁንም ጮኹ፣ አሁንም ደገመው፤ በየጊዜው እያረዘመው፣ እያረጠበው፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ። ጭብጨባው መሀል ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝና ጠቀሰኝ።

ወጣሁ። ደቻቱ ድልድይ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ፌስታልና የበሰበሰ አትክልት ተዘርግቶ ፀሐይ ይቀቅለዋል፣ ፍየሎች ይጎረጉሩታል። ሽታው ሲመታኝ የበላሁትን ሁሉ ከድልድዩ ጠርዝ አስመለስኩት። አንዲት መንገደኛ ሴት በሶማሊኛ «እህቴ፣ ታመሻል?» አለችኝ፣ የያዘችውን ውሃ ሰጠችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

በማግሥቱ ሱቁ ተጨናነቀ። ዝግጅቱን በስልክ ያየ ሁሉ ያንን ዘፈን ጫኝልኝ ይላል። ለመጀመሪያው ሰውዬ የለንም አልኩት። ለሁለተኛዋም የለንም። አለቃዬ ሰማኝ።

«እንዴ! ዴስክቶፕ ላይ ነው እኮ ያለው! ምን ሆንሽ?»

ወደ ውስጥ ጎትቼው ነገርኩት። ስለ ጣቢያው፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ወንበሩ ሥር፣ ስለ ጉልበቴ። እየሰማኝ ፊቱ እየተኮማተረ ሄደ።

«ወላሂ ይቀፋል» አለ። «ለእኔ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ...»

«ነገርኩህ።»

ከዚያ ከመጋረጃው ውጭ ደንበኛ «ሀሎ! ሰው የለም?» ሲል አለቃዬ አንገቱን እያከከ ወጣ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ዘፈኑን ራሱ ጫነለት። ለቀጣዩም ጫነለት። ቀኑን ሙሉ ሲጭን ዋለ። እኔ ስልክ ላይ ላስቲክ ስለጥፍ ዋልኩ። እስካሁንም እንደዚያው ነው፤ ያ ዘፈን ሲጠየቅ እሱ ይጭናል፣ እኔ ዞር እላለሁ። ተጣልተን አናውቅም። ግን ከመጋረጃው ኋላ «ይቀፋል» ያለኝን አፍ ከፊት ለፊት ለደንበኛ «የድሮ ሰው እኮ ሌላ ነው!» ሲል በሰማሁ ቁጥር እሱንም መጠየፍ ይጀምረኛል።

ለጓደኛዬም ነገርኳት። «ዘፈኑን ከሰውዬው ለይተሽ እዪው» አለችኝ። ሞክሬያለሁ። ሌላ ዘፈን ቢሆን ምናልባት ይቻል ነበር። ይሄ ግን ከምን ላይ ነው የሚለየው? የወደድኩት ቦታ ያው የሴትዮዋ ልቅሶ ነው፤ ለሳቅ የተሰረቀው። ስንት ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ እንደሰማሁት፣ ሳህን እያጠብኩ አብሬው እንዳንጎራጎርኩት ሳስብ፣ እኔም በዚያ የባቡር መስኮት ብቅ ብዬ የሳቅኩ ይመስለኛል።

ያ የእሁድ ቪዲዮ አዲስ አበባ ደረሰ። የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ቀረጹት። ከተማችን ውስጥም መድረክ ላይ አውጥተው ካባ አለበሱት፤ ያኔ ግን አልሄድኩም።

ፕሮግራሙ የታየው አንድ እሁድ፣ ምሳ እየበላን ነው። እናቴ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ነጭ ኮቱን ለብሷል፣ ከኋላው አበባ አስቀምጠውለታል። ጠያቂዋ ስለዚያ ሳግ ጠየቀችው። ዓይኑን ወደ ታች አደረገ፣ ከዚያ በተሰበረ ድምፅ ያፈቀራት ሴት በወሊድ እንደሞተችበት፣ ዘፈኑን ሲቀርጽ ትዝ ብላው ራሱን መቆጣጠር እንዳቃተው ተናገረ። ጠያቂዋ ዓይኗን በጣቷ ጠረገች። ቀጥሎ «ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?» አለችው፤ «እሷ ናት ያጽናናችኝ» አለ። ካሜራው ወደ ሚስቱ ዞረ። አዲስ ቀሚስ አልብሰዋቸው አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው። የእሱ እጅ ትከሻቸው ላይ ነበር።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኔ ላይ መለስኩት።

እናቴ እያለቀሰች ነበር። «እንዴት ያለ ልብ ነው! የዛሬ ወንድ እንዲህ ያዝናል?» አለች። ከወራት በፊት እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

«እማ፣ ውሸት ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

ነገርኳት። ሁሉንም። የጉልበቴ ጉዳይ ላይ ስደርስ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አነሳች። ሰውነቴን ከላይ እስከ ታች ተመለከተች፣ የጎደለ ነገር እንዳለ እንደምትፈልግ። እጄን ትይዘኛለች፣ ወይም ተነስታ ያንን ሣጥን ታጠፋዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለምን ሄድሽ ብቻሽን?» አለችኝ።

ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰችና «ባትነግሪኝ ምን ነበረበት» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደተቀማች ሰው። ፕሮግራሙን ግን አላጠፋችውም። ሽማግሌው ሌላ ዘፈን ጀምሮ ነበር፤ መጨረሻው ድረስ ሰማችው፣ ዓይኗን ሳትጠርግ። እኔ ሳህኔን አንስቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስለሌላ ነገር አወራችኝ፣ እኔም ስለሌላ ነገር መለስኩላት።

ሰዎች አሁንም ካሴት ያመጣሉ። ሥራዬ ነውና እገለብጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ ገባ የሚሉትን አረንጓዴ መስመሮች ብቻ እያየሁ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግን አልችልም፣ እከፍተዋለሁ። ከሳምንት በፊት አንድ የጀልዴሳ ገበሬ የአባቱን ካሴት አምጥቶ ነበር፤ አንዲት ሴት በኦሮምኛ ትዘፍናለች፣ ከኋላዋ ፍየል ይጮኻል። ከልቤ ወደድኩት። ካሴቱን ሲወስድ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሊነግረኝ አፉን ከፈተ። ሚሞሪውን ቶሎ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ።